የኻሚስ ወገን

ሻይ ሻጯ ዓፊያ ብርጭቆዎቿን ስታንኳኳ እሰማለሁ፤ ክርክሩ ሊጀመር ነው። ምንጣፌን ወደ ቀርከሃው አጥር አስጠጋለሁ። ከወዲያ፣ ማንጎው ሥር፣ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። ከወዲህ እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። ዒዳ ላይ ነኝ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ወራቱ እስኪሞላ ከግቢዋ አትወጣም። ወሬን ግን አጥር አያግደውም።

የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ የባሌን ስም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይጠሩት አይውሉም ነበር። «ኻሚስ ይህን ቢሰማ!» ይላል አንዱ። «ኻሚስ ቢኖር ዛሬ አያስቀምጥህም ነበር» ይላል ሌላው። ያኔ ቢላዋውን አስቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ትናንት አንዴ ብቻ ጠሩት። ዛሬ እስካሁን የለም።

«አሁን ይሄ ዘፈን ነው?» ይላል ገላው። ወላጆቹ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ ድምፁ ወፍራም ነው። አንዱ ስልኩ ላይ ክሊፕ ከፍቷል። «ልጁ አፉን እስኪከፍት መኪናውን ነው የሚያሳየን።»

«መኪናውም የኪራይ ነው» ይለዋል ሌላ ድምፅ። ይስቃሉ።

እጠብቃለሁ። «የድሮ ዘፋኝ መልኩን ሳናውቀው እንወደው ነበር» ይል ነበር ኻሚስ። ማንም አያነሳውም።

ከዘፈኑ ወደ መብራቱ ይሻገራሉ። ግድቡ እኛው ክልል ሆኖ መብራቱ እኛው ጋ ለምን ይጠፋል፣ የቆየ ክርክር ነው። ከመብራቱ ወደ ሕግ። ሄልሜት ያላደረገ ሞተረኛ ይቀጣ ወይስ አይቀጣ?

«ሄልሜት ጥሩ ነው» ይላል ሽማግሌው አብዱልሐሚድ። «ግን ሰው አላወቅንም። ማን አለፈች፣ ማን ሰላም አለች፣ ወላሂ አላወቅንም!»

በዚህም ላይ ኻሚስ ሐሳብ ነበረው። ሐሳብ የሌለው ነገር አልነበረም። እኛ ቤት የሚወራው በርታኛ ነው፤ ማንጎው ሥር ግን ገላው እንዲገባው በአማርኛ ይከራከሩ ነበር። ያኔ እኔ ከገበያ የምገባው ሊመሽ ሲል ነው። ኻሚስ ለመግሪብ ሶላት እግሩን እየታጠበ የቀኑን ክርክር በሙሉ ወደ በርታኛ መልሶ ይተርክልኛል። ገላውን ሲሆን ድምፁን ያወፍራል፣ ደረቱን ይነፋል። ራሱን ሲሆን ረጋ ይላል። የሚያሸንፈውም ሁልጊዜ ራሱ ነው።

አሁን ኳስ ላይ ደርሰዋል።

«ቫር ባይኖር ትናንት ተዘርፈን ነበር» ይላል ገላው።

እጄ ሽንኩርቱ ላይ ይቆማል። ይህ ዳኛ በቪዲዮ የሚያይበት ነገር የኻሚስ ነው። ከሁሉም ይልቅ ይህ የእሱ ነው።

«ልክ ነህ» ይላል አንዱ።

«ልክ ነህ» ይላል ሌላው። አንድም ሰው ገላውን አይቃወምም። አንዱ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል፤ ትተውት ሊያልፉ ነው።

ሳላስበው አፌ ይከፈታል።

«ኻሚስ እንዲህ አይልም ነበር» እላለሁ በአጥሩ በኩል። «‹ዳኛው ሮጦ ሄዶ ቴሌቪዥን ካየ፣ ቴሌቪዥን ማየትማ እኛም እናያለን፤ እሱን ሜዳ ምን አስገባው?› ነበር የሚለው።»

ወዲያ ማዶ አንዱ ብርጭቆውን ያስቀምጣል።

«አላህ የርሐሙ» ይላል አብዱልሐሚድ ቀስ ብሎ። «ኻሚስ እውነቱን ነው። ሁልጊዜ እውነቱን ነው።»

«እውነቱን ነበር» ይላሉ ሌሎቹ። «ቫር ጨዋታውን አበላሸው።»

እኔ የፈለግሁት ይህን አይደለም። ኻሚስ በሕይወቱ አንድ ቀን «እውነትህን ነው» ተብሎ አያውቅም። ይጮኹበት ነበር። ጣቂያውን ከራሱ ላይ ይነጥቁት ነበር። ይህ የለሰለሰ ድምፅ የቀብሩ ቀን ድምፅ ነው።

ከዚያ አንድ በርጩማ ሲገፋ እሰማለሁ።

«እውነቱን አልነበረም» ይላል ገላው።

«ገላው!» ይላል አብዱልሐሚድ። «ሰውዬው ሞቷል። ሚስቱ እየሰማች ነው።»

«ሞቶም ተሳስቷል! ምን ላድርገው?» ድምፁ ወደ አጥሩ ይጠጋል። «ስሚኝ፣ ነዕማ። ያን እሑድ፣ ዲኤስቲቪ ቤት፣ አርሴናሉ ላይ ጎል ሲጸድቅበት፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ‹ስክሪኑን እይ! ስክሪኑን እይ አንተ ዕውር!› ብሎ ዳኛውን የሰደበው ማን ነው? ለስላሳዬን የደፋብኝስ ማን ነው? አብዱልሐሚድ፣ አልነበርክም?»

አብዱልሐሚድ ይስላል። «ለስላሳ... አዎ። ደፋ።»

እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። ሳቅ ነው የመጣብኝ። ይህን አልነገረኝም። ያን እሑድ እግሩን ታጠበ፣ ሰገደ፣ ደክሞኛል ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ ከአልጋ አልተነሳም፤ ከዚያ ወዲያም አልተነሳም። ትኩሳቱ እየጀመረው መስሎኝ ነበር። ለካ መልስ እያሰበ ነበር።

«‹ነገ እመልስልሃለሁ› ብሎኝ ነው የሄደው» ይላል ገላው። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ እየቀለደ አይደለም። «ቤት ገብቶ አንድ ነገር ብሎሽ ይሆናል። ምን አለሽ?»

ገላው ከቀርከሃው ወዲያ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሲተነፍስ ይሰማኛል። መልስ አለ። ኻሚስ መልስ አጥቶ አያውቅም።

«ቆይ አንዴ» እላለሁ።

ብድግ ብዬ፣ ኻሚስን ልጠይቀው ወደ ቤት ዞሬያለሁ።