የሮሃ ፎጣ

ቤዛዊት ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምታወራው። መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች፣ «መነጽርሽን አድርገሻል?» ትላለች።

«አድርጌያለሁ።»

«ጎሽ፣ የኔ ዲያስፖራ!»

ሮሃ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋን ግን የሚያይላት የለም። ዓይኖቿ ቀልተው አብጠዋል። ጠዋት ጠዋት ሽፋሽፍቶቿ በዓይናር ተጣብቀው፣ ለብ ባለ ውኃ ካልራሱ አልከፈት ይላሉ። ዓይነ ማዝ ነው፤ ሰሞኑን አዲሱ ገበያን ከላይ እስከ ታች አዳርሶታል፤ ታክሲው ሁሉ ጥቁር መነጽር በጥቁር መነጽር ሆኗል። በሽታውስ ያልፋል። እሷን የከበዳት፣ በዚህች ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ አልጋዋ ከእሷ አልጋ ፊት ለፊት የሆነ ጓደኛ እያለቻት፣ ዓይቶ የሚያናግራት ሰው ማጣቷ ነው።

ደግሞ እኮ፣ እናንተዬ፣ ሁለቱም የሕክምና ተማሪዎች ናቸው! ይህንኑ በሽታ አብረው ነው ያጠኑት። በእጅ፣ በፎጣ፣ በትራስ እንጂ በመተያየት አይተላለፍም ብላ ለሮሃ ያስረዳቻት ራሷ ቤዛዊት ናት። ፈተና ላይም መጥቶ በትክክል መልሳዋለች። ግን ልጅ ሳለች እናቷ «የታመመ ሰው ዓይን እንዳታዪ» ያሏት ከመጽሐፉ ቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል፤ መጽሐፉም አላስነሳውም።

«ቤዛ፣» ትላለች ሮሃ፣ «እስኪ ዙሪና እብጠቱ ቀንሶ እንደሆን እዪልኝ።»

«እ... ማለቴ፣ ነገ በሽተኛ ፊት ነው የምፈተነው። ቢይዘኝ ዋርድ አያስገቡኝም፣ በቃ ዓመቱን ደገምኩት ማለት ነው። ከፈተናው በኋላ ይሁን፣ የኔ ማር?»

«ይሁን።»

«አልተቀየምሽም?»

«ምን ቆርጦኝ!»

ቤዛዊት እንቅልፏን ለማባረር ትነሳና በሩ አጠገብ ካለው ሳፋ ፊቷን ትታጠባለች። ከዚያ ወደ ሮሃ ላለመዞር ስትል፣ እንዳቀረቀረች እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ግድግዳውን ትዳብሳለች። እጇ ላይ የገባው ገና ያልደረቀው የሮሃ ፎጣ ነው። ምስማር ለይተው ነበር የሚሰቅሉት፤ ምስማር መለየት ግን ዞሮ ማየት ይፈልጋል።

ሮሃ ፎጣው የራሷ መሆኑን ታያለች።

ቤዛዊት መዳፏን ታደርቃለች፤ አንገቷን ታደርቃለች። ባትነግራት፣ ትንሽ ቀን ቆይቶ የእሷም ዓይን ይቀላል። ያኔ ሁለቱም አንዳቸው ከሌላቸው የሚፈሩት ነገር አጥተው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደ ድሮው ሲሳሳቁ ለሮሃ ይታያታል። ሐሳቡ ደረቷ ውስጥ ሞቅ ይላል። ፎጣው የቤዛዊት አገጭ ላይ ይደርሳል።

«ቤዛ፣ ጣዪው! የኔ ነው!»

ፎጣው መሬት ይወድቃል። ቤዛዊት «ወይኔ! ወይኔ ዓመቴ!» እያለች ሳሙናውን ታነሳና እጇን፣ አንገቷን፣ ፊቷን እስከ ግንባሯ ታዳርሰዋለች። የሳፋው ውኃ አረፋ ብቻ ሆኗል።

«ውኃ! ሮሃ፣ ንጹሕ ውኃ አፍስሽልኝ!»

«ቆይ፣ እጄን ልታጠብ።»

ሮሃ መነጽሯን አውልቃ እጇን በደንብ ትታጠባለች፤ ከዚያ ጀሪካኑን ታነሳለች። ቤዛዊት በድምፅዋ አቅጣጫ ትዞራለች። ሮሃ ከታመመች ወዲህ ይህን ፊት እንዲህ ሙሉውን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ቅርብ ነው፤ በአረፋ ተሸፍኗል፤ ዓይኖቹ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል።

ሮሃ ውኃውን በቀጭኑ፣ ቀስ እያለች፣ ቶሎ እንዳያልቅ ታፈሳለች።