ዛቻው በማን ላይ ነው?

ልብስ ሰፊዋ እጩ ስልኳን ወደ መርማሪው ጠረጴዛ ገፋ አደረገችለት። «ከምርጫው ካልወጣሽ ቤትሽን ከነልጆችሽ እናነደዋለን» ይላል መልእክቱ፤ የላኪው ቁጥርም ቁልጭ ብሎ ይታያል። መርማሪው ግን ጆሮው ላይ የሰካውን ብዕር አላወረደውም። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የምርጫ ሰሞን ፉከራ ነው። ፎክሮ ፎክሮ ሲደክመው ይተኛል።»

«እኚህ አባትስ?» አለች፣ ካቴና ገብቶላቸው አግዳሚው ላይ ወደተቀመጡት ጫማ ሰፊ ሽማግሌ በአገጯ እያሳየች።

«እሳቸውማ በተቀናቃኝሽ፣ በክቡር እጩው ላይ ዝተዋል። በኩርኩም እለዋለሁ ብለዋል።»

«እሱም ጎንበስ ካለልኝ ነው እንጂ የት እደርስበታለሁ» አሉ ሽማግሌው።

ሴትየዋ ስልኳን አንስታ ወጣች ሲባል በሩ ላይ ዞር አለች። «እንግዲህ ቤቴ ሲነድ አብሮ መንደዱ ነው፤ የክቡር እጩው ፎቶ እኮ በመንገድ በኩል ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል።»

ብዕሩ ከጆሮው ወረደ። «ፎቷቸው? ምነው ይህን አስቀድመሽ ብትናገሪ!» መርማሪው ስልክ መትቶ ላኪው አሁኑኑ እንዲያዝ፣ ሁለት ጠባቂዎችም ግድግዳው ስር እንዲቆሙ አዘዘ።

ሴትየዋ በሩን እንደያዘች ትንሽ አሰበች። «ወንድሜ፣ ከተቻለስ በጓሮ በኩልም አንድ ፎቶ ይለጠፍልኝ፤ ልጆቼ የሚተኙት በዚያ ነው።»