ሦስት ነጥብ ሦስት ቮልት

ሬዲዮ ጠጋኙ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ከተኳረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ኩርፊያው የተጀመረው የታመመች እናታቸው ማን ቤት ትተኛ በሚል ነበር። እናትየው ካረፈች በኋላ ምክንያቱ አለቀ፤ ኩርፊያው ብቻውን ቀረ።

ቤቶቻቸው ጀርባ ለጀርባ ናቸው። አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ በሮቻቸው ግን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ላይ ይከፈታሉ። ለተኳረፉ ሰዎች ከዚህ የተመቸ ቤት አይሠራም።

እናትየው ይህን አስቀድማ አውቃ ነበር። «መነጋገሩን ትቼላችኋለሁ» አለቻቸው፣ በመጨረሻዎቹ ቀኖቿ። «ጠዋት ጠዋት ግን አንዱ የሌላውን በደህና ማደር ይወቅ።»

ታላቅየው ልብስ ሰፊ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው እንደሚነዝር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ሳጥኖች የሠራው ጠጋኙ ነበር። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ የሚጫኑት ቁልፍና አንድ ትንሽ ቀይ መብራት አለው። አንዱ ሲጫን የሌላው መብራት ይበራል፤ ገመዱ በግድግዳው ቀዳዳ ያልፋል።

ከዚያ ወዲህ ጠጋኙ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን ይጫናል። ጥቂት ቆይቶ የእሱ መብራት ቦግ ይላል። ቀኑን ሙሉ ደህና አደርክ የሚለው ሌላ አልነበረውም።

ከሁለት ዓመት በፊት የጠጋኙ ሳጥን አረጀና አዲስ ሠራ። አዲሱ የሚሠራው በሦስት ነጥብ ሦስት ቮልት ነው፤ የወንድሙ አሮጌ ሳጥን በአምስት። ከወዲያ የሚመጣው አምስት ቮልት አዲሱን ሳጥን እንደሚያቃጥልበት ስላወቀ ሁለት ሬዚስተር አስገብቶ ኃይሉን አበረደው። «ድሮም ጯሂ ነው» አለ ለራሱ። የወንድሙን ሳጥን አልነካውም፤ ያን ለመንካት በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። በማግስቱ ጠዋት መብራቱ እንደወትሮው ቦግ አለ፤ ጠጋኙም በእጁ ሙያ ተደሰተ።

አንድ ማክሰኞ መብራቱ ሳይበራ ቀረ።

ጠጋኙ ሳጥኑን ከፍቶ ወደ ግድግዳው የሚሄደውን ገመድ በቴስተር ለካ። ሲጫን ሦስት ነጥብ ሦስት፣ ሲለቅ ዜሮ። ቅንጣት አልጎደለም። እንግዲህ ጥፋቱ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ወንድሙ ታሞ ይሆን? ወይስ የባሰ? ከሰዓት በኋላ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ የሰማው የራሱን ትንፋሽ ነው።

ረቡዕ በወንድሙ በር በኩል ባለው መንገድ የምትሠራው ጥልፍ ሰሪ የማሽኗን ቦርዶች በፌስታል ይዛ ገባች።

«ዶክተር፣ ዛሬም ወሬህ ከዕቃ ጋር ነው?»

«አይመልሱልኝም፤ ለዚያ ነው የምንስማማው።»

«እንግዲያው እነዚህን አስማማልኝ። አንዱን በአዲስ ካስቀየርኩ ወዲህ ሞተሩ ትእዛዝ አልቀበልም ብሏል።»

ጠጋኙ አገላብጦ አየ። «አዲሱ በሦስት ነጥብ ሦስት ነው የሚናገረው። አሮጌው ደግሞ ከሦስት ነጥብ አምስት በታች አይሰማም። መሐላቸው አስተርጓሚ ይፈልጋሉ።»

«ለዚህች ለዜሮ ነጥብ ሁለት ነው እንዲህ የሚንቀባረረው?»

«መንቀባረር አይደለም እህቴ። አልደረሰውም።»

አንድ ትንሽ ትራንዚስተር መሐላቸው በየደና ቦርዶቹን መለሰላት። እጁ ይሠራ እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም።

«በዚያኛው መንገድ መብራት ጠፍቷል እንዴ?» አላት፣ እንደዋዛ።

«ኧረ አልጠፋም። ወንድምህም ጠዋት ማሽኑን ሲያንኳኳ አየሁት። ደህና ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል።»

«ማን ስለ ውፍረቱ ጠየቀሽ?»

«ማንም። ግን ስነግርህ ፊትህ ተመለሰ።»

እሷ እንደወጣች የተመለሰው ፊት እንደገና ጠቆረ። ወንድሙ አለ። አልታመመም፣ መብራትም አልጠፋበትም። ጣቱን ማንሳት ብቻ ነው ያቃተው።

ሐሙስ ሁለቴ ተጫነ። በሰባት ዓመት ሁለቴ ሲጫን የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ቆሞ ጠበቀ፣ ሻዩ እስኪበርድ። ጠግኖ የጨረሰውን የደንበኛ ሬዲዮም ሳይዘጋ አዋለው፤ ዜና አንባቢው «እንደምን አደራችሁ» ሲል ግን ለብዙ ሰው መሆኑ ከፋው።

ዓርብም መብራቱ ሳይበራ ሲቀር ኮቱን ለበሰ። ግድግዳው አንድ ጡብ ውፍረት አለው፤ በመንገድ ሲዞሩት ግን አሥር ደቂቃ ይወስዳል። አሥሩንም ደቂቃ የሚለውን ሲያዘጋጅ ሄደ።

ታላቅየው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሰፋል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። መቼ እንደነጣ ጠጋኙ አያውቅም።

«ጋሼ።»

ማሽኑ ቆመ። «ግባ።»

«አልገባም። እማዬ ምን ነበር ያለችን?»

«አልረሳሁም።»

«አልረሳሁም ይላል! አራት ቀን ሙሉ ምን አጋጠመው ብዬ ስሞት ስነሳ፣ አንተ ለካ እዚህ ተመችቶህ ትሰፋለህ። ጠላኸኝ፣ እሺ፤ ጥላኝ። የእማዬ ቃል ምን አደረገህ? ታናሽህ ስሆን እኔ እንኳ ሰባት ዓመት አንድ ጠዋት አላጓደልኩም።»

ታላቅየው መነጽሩን አወለቀና የወንድሙን ፊት ፈተሸ፣ የቀልድ ምልክት ይፈልግ ይመስል። ምንም አላገኘም። ራሱን ወደ ሳጥኑ አዞረና ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ።

«እኔ የተውኩት ማክሰኞ ነው። ያንተ መብራት እዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ከበራ ግን ይኸው ሁለት ዓመቱ።»