ከሽርጡ ጋር የተሰፋው

ልጅቱ በእናቷ እግር ሥር ተንበርክካ፣ በእጇ የሠራቻቸውን ጥንድ የድስት ማውረጃ ጨርቆች እናቷ ከታጠቀችው ሽርጥ ጋር ትሰፋ ነበር። የቀኙን ጫፍ ጨርሳ ወደ ግራው ተሻግራለች። ማውረጃዎቹን ስትሠራ በአበባማ ጨርቅ መሃል የብርድ ልብስ ቁራጭ ከትታ፣ ጠርዙን ቀምቅማ፣ ሆዱን በሰያፍ ስፌት አጥብቃለች። ከዚህ በፊት የሠራቻቸው ሁሉ ለእንግዳ ዓይን ተብለው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቀርተዋል፤ እናቷም የጋለ ድስት የምታነሣው እንደ ወትሮው በሳሳው ሽርጧ ጫፍ ነበር።

«ይህን የመሰለ የእጅ ሥራ ጥላሸት ላስበላው? ምነው ልጄ!»

«እማዬ፣ የሚቃጠለው ግድግዳው ነው ወይስ ያንቺ ጣት? በይ አትንቀሳቀሺ፣ መርፌው ይወጋሻል።»

«እንደ በቅሎ ልትለጉሚኝ ነው እንዴ? ልቀቂኝ፣ ድስቱ ገነፈለ!»

ልጅቱ ትዕግሥቷ ተሟጦ የግራውንም ቋጥራ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እናቷ እያጉረመረመች ድስቱን በአዲሶቹ ጨርቆች ግራና ቀኝ ይዛ አነሣች። ከምድጃው እስከ ገበታው ያለውን መንገድ «ዞር በሉ!» እያለች በሩጫ ስለምታቋርጠው፣ ቤተሰቡ «ባቡሯ» የሚል ስም አውጥቶላት ነበር፤ በዚህም አብዝታ የምትስቀው ይህችው ልጅ ነበረች። አሁን ግን እናቷ በዝግታ ተራመደች። እንዲያውም ድስቱን እንደ ያዘች መሃል ወለል ላይ ቆም ብላ፣ ስለ ጎረቤቷ አዲስ መጋረጃ ተረጋግታ ማውራት ጀመረች።

ልጅቱ ከወለሉ አልተነሣችም። ዕድሜዋን ሙሉ የእናቷ ጠባይ የመሰላት ያ ጥድፊያ፣ ለካ ቃጠሎ ኖሯል።