ማይኳን የሚፈትገው ሰው

«ምን ማለትህ ነው? አፌ ይሸታል?!»

ይህን ያለው የአውቶቡስ መናኸሪያው ለፋፊ ነው... ሰው ሁሉ «ነጎድጓድ» ይለዋል።

ድምፁ? ኧረ ተዉኝ! ማይክ ይዞ «ሊነሳ ነው!» ሲል ጋራዥ ያለ አውቶቡስ ሳይቀር ሞተሩ ይነሳል...

የተቆጣው በባልደረባው ነው። በፈረቃ አንዲት ማይክ የሚጋሩት፣ ድምፁ ከትንኝ ስለማይበልጥ «ሹክሹክታ» የተባለ ጎልማሳ።

ሹክሹክታ ሰሞኑን አዲስ አመል አውጥቷል...

እጅ አይጨብጥም። ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን ለብቻው ያርቃል። ፈረቃ በለቀቀ ቁጥር ደግሞ ማይኳን በአልኮል ይፈትጋታል!

«ለጥንቃቄ ነው ጋሼ...» አለ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ።

«ከማን ነው የምትጠነቀቀው? ከእኔ?!»

ነጎድጓድ አልኮሉን ነጥቆ ኪሱ ከተተ። አልበቃውም። የሹክሹክታን ሻይ አነሳና...

ግጥም!

«አየህ? እኔ ሰው አልጸየፍም!»

ሹክሹክታ ክው አለ።

እሑድ የነጎድጓድ የመጨረሻ ልጅ ሠርግ ነው። «አባዬ፣ ስትመርቀኝ ሰፈሩ በሙሉ ይስማ!» ብላዋለች። እሱም መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ ሰንብቷል... መስታወቱ እስኪሰነጠቅ።

ሐሙስ ጠዋት ግን ምራቁን ሲውጥ ሚስማር የዋጠ መሰለው። ትኩሳቱ ሻይ ያፈላል።

ማይኳን ያዘ። «ሊነ...»

ጫጩት!

መናኸሪያው ተተራመሰ። አማቶቹን ሊጠይቅ የተነሳ አንድ መንገደኛ ጥሪው ሳይሰማው የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ደርሶ፣ አልቅሶ ተመለሰ አሉ...

«ቀዝቃዛ ውኃ ነው!» አለች ሚስቱ።

«ንፋስ መትቶት ነው!» አለች ጎረቤት።

«ቀንቶብኝ ነው...» አለ እሱ በልቡ፣ ሹክሹክታን እያሰበ።

ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሟ ጉሮሮውን አይታ፣ ናሙና አስመርምራ «ባክቴሪያ ነው» አለችው። «አጠገብዎ ጉሮሮውን የታመመ ሰው አለ? በሳል፣ በምራቅ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት ይተላለፋል።»

በብርጭቆ?...

መድኃኒቱን ተቀብሎ ሲወጣ አግዳሚው ላይ ማን ቢያይ ጥሩ ነው? ሹክሹክታ!

«አንተም ታመሃል?» አለው በተረፈችው ድምፅ።

«ከእርስዎ በፊት ነው የታመምኩት ጋሼ።»

«ታዲያ ማይኳን...»

«የእርስዎን ትንፋሽ አልነበረም የምጠርገው። የራሴን ነው... እንዳላስይዝዎት።»

«አትነግረኝም ነበር?!»

«አለቃ ከሰማ እኔን ቤት ያስቀምጠኛል። ተተኪ ስለሌለ ለሠርጉ የወሰዱት የእረፍት ፈቃድ ይሰረዛል...»

ነጎድጓድ አንገቱን ደፍቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

ሐኪሟ ግን አልማረቻቸውም። በሩ ላይ ቆማ ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው፦ «አንዱ ታሞ ሥራ ይገባል፣ አንዱ የሰው ሻይ ይቀማል!»

እሑድ ደረሰ። አለቃም ነገሩን ሰምቶ ለፈረቃው ሌላ ሰው ተክቷል። መድኃኒቱ ሠርቶ ትኩሳቱ ለሁለቱም ለቋል። የነጎድጓድ ድምፅ ግን ገና መንገድ ላይ ነው...

ሙሽራዋ አባቷን አየች። የምርቃቱ ሰዓት ደርሷል።

«ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰላም አግኝቼ አላውቅም» አለች ሚስቱ።

ነጎድጓድ ተነሳ። ከኪሱ ያን የነጠቀውን አልኮል አወጣ። የሠርጉን ማይክ እንግዳው ሁሉ እያየ ፈተጋትና... ለሹክሹክታ ሰጠው። ጆሮው ሥር ምርቃቱን ነገረው።

ሹክሹክታም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ማንም ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ፦

«ሙሽሮች! መነሻችሁ ፍቅር፣ መድረሻችሁ ሽበት ይሁን! መንገድ ላይ የሚወርድ እንዳይኖር!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አነሳው። እውነቴን ነው፣ ጣሪያው እስካሁን አልተገኘም...

ወዳጆቼ፣ ሰው ራቅ ያለን ሁሉ ንቆን አይደለም። አንዳንዱ የሚርቀን ለእኛው ብሎ ነው።

ደግሞ እጃችሁን ታጠቡ። ስታስሉ አፋችሁን ሸፈን አድርጉ። የታመመ ሰው ብርጭቆ አትንኩ፤ ሲያማችሁም አትደብቁ፣ ቤት ዋሉ። ትኩሳት ካለና መዋጥ ካቃተ ወደ ሐኪም! የታዘዘላችሁንም መድኃኒት ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ።

እስቲ ንገሩኝ... «ናቀኝ» ብላችሁ ያኮረፋችሁት፣ በኋላ ግን ለእናንተው ሲጠነቀቅ የተገኘ ሰው አለ? ማን ነበር? 👇