ሹካ

ከጎጃም የመጣውን የስልክ ሠራተኛ የሰደቡት አቦይ ኣስፍሃ ናቸው፤ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥምቀት ማግስት፣ ገጀረት ሰፈር፣ ቤታቸው። ልጃቸውን ኣምለሰትን ለትዳር ሊጠይቅ ሄዶ፣ ለአክብሮት ብሎ ፓስታውን በእጁ ጠቅልሎ ሊያጎርሳቸው ቢዘረጋ፣ «ክላእ፣ ወዲያ በል! ሹካ ለማያውቅ ባላገር ልጄን ልሰጥ?» አሉት።

ዓመት ሙሉ በየሻሂ ቤቱ እየተሳቀበት ሹካ ሲያሽከረክር ከረመ። በዓመቱ ተመልሶ ከፊታቸው ተቀመጠ። ኣምለሰት ለፋሲካ ለሌላ ልትዳር ነውና ሌላ ቀን አልነበረውም። ፓስታውን በሹካ፣ አንዲት ክር ሳያንጠባጥብ ጠቀለለ። ኣምለሰት ከበሩ ሥር ፈገግ አለች።

ሽማግሌው ሹካውን አይተው ሣቁ። «ኣየ ወደይ፣ አንተ ልጅ! ደግሞ ጣልያን ሆነህ መጣህ? ለጣልያን ሳህን ሳጥብ ነው ያረጀሁት፤ ልጄንም ልጨምርለት?»

ሹካውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ተነሥቶ ወጣ፤ ጣቶቹ ግን መንገድ ላይም ባዶ አየር ይጠቀልሉ ነበር።