ሦስት ጊዜ አንኳኪ

ቨርሊን ከወሰነች ሳምንት ሆኗታል። ዛሬ የሚያድሩበት ካምፕ ሲደርሱ፣ ባሏ ተርማን ከመሪው ተነሥቶ ወገቡን እንኳ ሳያቃና ትነግረዋለች፦ ወይ ይህን ዝሆን ሸጠን ትንሿን ቫን እንገዛለን፣ ወይ እኔ ገዝቻት ብቻዬን እሄዳለሁ።

ዝሆኑ የሚኖሩበት ቤት መኪናቸው ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ መስመር አለው። ጣሪያው ያፈሳል። አንዲት ብሎን ከተሰበረች፣ ምትኳን ፍለጋ ሦስት ግዛት አቋርጦ የወዳደቁ መኪኖች ግቢ ድረስ መሄድ ነው። የመኝታ ክፍሉ ቁም ሣጥን በር በየኮረኮንቹ ሲላተም ስድስት ዓመቱ።

ዩማ ከተማ ያየቻት ቫን ሌላ ናት። አልጋውም ምድጃውም ውኃውም አንገት ዞር ሲደረግ ይታያል። የተገኘው ጥላ ሥር ትቆማለች።

ተርማን ስለ ቫኗ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ዛሬ ጠዋት።

«እዚያ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ስንኮራረፍ የት ልንገባ ነው? ይሄኛው ቢያንስ መሐሉ ላይ በር አለው።»

«በሩማ ነው የጨረሰን» አለችው።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ቀትር ላይ በረሃው አፋፍ ያለው ነዳጅ ማደያ ደረሱ። በየክረምቱ ከብርዱ ሸሽቶ ወደ አሪዞና የሚወርደው የአሮጌ ቤት መኪና ማኅበር ግማሹ እዚያ ቆሟል። ሁሉም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ መስመራቸው እንኳ አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ተገትረው እያንዳንዱ የራሱን ብረት ያወድሳል።

የመጸዳጃ ቤቱ ወረፋ ላይ ከፊቷ ያለችው ኦፓል ነበረች፤ የማኅበሩ አባል ናት፣ ወሬ የማያመልጣት።

«ልትሸጡት ነው አሉ?»

«ማን አለ?»

«አንቺ ነሻ! ባለፈው ሳምንት። ደግሞ መነጽርሽስ? ያለ መነጽር ልለይሽ አልቻልኩም።»

«መሪው ጋ ረስቼዋለሁ። አቀብለኝ ብዬ ከምለምነው ታውሬ ብቀር ይሻለኛል።»

ኦፓል ሳቀች። «ያንቺስ ዝም ይላል። የእኔው ባል መንገድ ላይ እንቁላል የጫነ ነው የሚመስለው፤ ከመድረሳችን በፊት እሞታለሁ። ቫን ውስጥ አጠገቡ ብቀመጥማ፣ በእጄ ነበር የማንቀው!» ከዚያ ወደ ሱቁ ዞረች። «የፖም ኬካቸውን ሳይዙ ከዚህ መሄድ ኃጢአት ነው። ማንኳኳቱን እንዳትረሺ።»

በማኅበሩ ውስጥ አንድ ቀን ማደያ ላይ ተረስታ የማታውቅ ሚስት የለችም። ባል ከኋላ የተኛች መስሎት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ እሷ በሌሊት ልብሷ ቆማ አቧራውን ታያለች። ቫን ያለው ሰው ይህ አይገባውም። ስለዚህ ደንብ ወጣ፦ ሚስት በኋላው በር ገብታ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፤ ባል ያን ጊዜ ሞተሩን ያስነሣል።

ቨርሊን ራሷን ክፉኛ ያማት ጀምሯል። ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። አንገቷን ደፍታ ወደ ብርቱካንማው መስመር ሄደች፤ በኋላው በር ገባች። መጋረጃው ተዘግቷል። ጨለማው ውስጥ አልጋው ላይ ወደቀች፣ ክንዷን ዓይኗ ላይ ጣለች፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ።

ብርድ ልብሱ ለስላሳ ነበር። አዲስ ነው። መቼ ገዛው?

የመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ጥርሷን ነክሳ የቁም ሣጥኑን በር ጠበቀች። አልተላተመም። ሁለተኛውም ላይ ዝም አለ። ስድስት ዓመት ለምናው ዛሬ ጠግኖታል፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

መኪናው ጉድጓዶቹን በዝግታ፣ አንድ በአንድ እየተሻገረ ሄደ። ተርማን ሲቆጣ ጉድጓድ አይመርጥም። ዛሬ ግን ራስ ምታቷን የሚያስታምም ይመስል ነበር። ጥቂት ቆይታ፣ ከሞተሩ ጩኸት ጀርባ ፉጨት ሰማች።

ተርማን ካፏጨ ስንት ዓመቱ ነው?

ሰው በሰባ ሁለት ዓመቱ አይለወጥም። ያነበበቻቸው መጻሕፍት ሁሉ ይህንኑ ነው የሚሉት። ቢሆንም አለቀሰች፤ ብዙ አይደለም፣ ደክሟታል።

ስልኳን አውጥታ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። ዓይኗ ሲደክም አይቶ ፊደሉን አምና ያተለቀላት ተርማን ነው። ለቫኗ ባለቤት ጻፈች፦ «ይቅርታ፣ ቫኗን ለሌላ ሰው ይሽጧት። ከባሌ ጋር ባለንበት እንቆያለን።» በረሃው ኔትወርክ የለውም፤ መልእክቱ አልሄደም። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ መኪናው ቆሟል። ከውጭ የማኅበሩ ሰዎች ሳቅ ይሰማል። ካምፑ ደርሰዋል።

ከፊት ወንበር የተነሣ ሰው ርምጃ በጠባቡ መተላለፊያ ቀስ እያለ መጣ። ቨርሊን ተነሥታ ተቀመጠች፤ ፀጉሯን በመዳፏ አስተካከለች። የምትለውን አዘጋጅታለች። «ካሁን በኋላ ይህ በር አይዘጋ» ትለዋለች፤ ሌላ ምንም አትልም።

የበሩ እጀታ መዞር ጀመረ።

ስልኳ በራ። የጻፈችው መልእክት ሄደ። ከሦስት ሰዓት በፊት የተላከላት ደግሞ ገባ፤ ከተርማን ነው፦

«ቨርሊን፣ እኔ ማደያው ላይ ነኝ። ካላንኳኳሽ አልሄድም።»